የነጣው ጥቁር ፕላስቲክ፦ ቅባት፣ ተልባ፣ ሙቀት፣ ቀለም ወይስ ቅያሪ?

አሮጌ መኪና የያዘ ሰው ያውቀዋል። ቦዲው ታጥቦ ያበራል፤ ሞተሩ በአንድ ቁልፍ ይነሳል፤ ወንበሩም ደህና ነው። ፓራውልቱ ግን አመድ መስሏል። የስፖኪዮው ሽፋን፣ ከጎማው በላይ የዞረው ጥቁር ፕላስቲክ፣ ከዝናብ መጥረጊያው ሥር ያለው ክዳን፣ ሁሉም ነጥቷል። ደህና መኪና በዚህ ብቻ አሥር ዓመት ያረጀች ትመስላለች።

የኔዋ የ1998 እ.ኤ.አ. ሞዴል ራቭ ፎር ናት። የዚያ ዘመን ራቭ ፎር ከወገቧ በታች ጥቁር ፕላስቲክ ታጥቃ ነው የተሠራችው። ስትነጣም ዙሪያዋን ነው የምትነጣው። ደብረ ብርሃን ውስጥ ጣሪያ የሌለው ግቢ ነው የማሳድራት። ባለፉት ዓመታት ብዙ ነገር ቀባሁባት። አንዳንዱ ሠርቷል፣ አንዳንዱ ገንዘብ በልቶ ቀርቷል። ሰፈር ውስጥ «ምን አድርገህ ነው እንዲህ የጠቆረችው?» የሚለኝ ሰው ሲበዛ ነው ቁጭ ብዬ ልጻፈው ያልኩት።

ነገሩ ቀላል አይደለም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ያገለገሉ መኪኖችን ቀረጥ ሰማይ አድርሶታል። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሄድ የቤት መኪና ማስገባት ታገደ። ስለዚህ አብዛኞቻችን በእጃችን ያለችውን ይዘን ነው የምንቆየው። መሸጥ ያሰበም ቢሆን፣ ደላላ ዋጋ ለማውረድ መጀመሪያ በጣቱ የሚነካው ያንን የነጣ ፓራውልት ነው።

ብርዱ ያታልላል

እዚህ አካባቢ አንድ የተለመደ አባባል አለ፤ «ደብረ ብርሃን ብርድ ነው፣ ፀሐይዋ መኪና አትጎዳም፤ መኪና የሚጎዳው ሸዋ ሮቢት ነው።» እኔም አምን ነበር። ግን ፕላስቲክን የሚያነጣው ዋናው ነገር ሙቀት ሳይሆን አልትራቫዮሌት የሚባለው የማይታይ ጨረር ነው። ጨረሩ ደግሞ ከፍታ በጨመረ ቁጥር ይበረታል፤ በየ1,000 ሜትሩ በ10 ከመቶ ገደማ ይጨምራል። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር አካባቢ ላይ ናት። ጣርማ በር ላይ ሲደርሱ ከ3,000 ሜትር ያልፋል። ከዚያ ዋሻውን አልፈው በደብረ ሲና በኩል ሲወርዱ፣ ሸዋ ሮቢት ከ1,300 ሜትር በታች ትገኛለች። በሁለቱ ከተሞች መካከል ያለው መንገድ መቶ ኪሎ ሜትር እንኳ አይሞላም። ከፍታው ግን ከግማሽ በላይ ይወርዳል።

ስለዚህ ደጋው ላይ ነፋሱ እያቀዘቀዘን፣ ጃኬት ደርበን ስንሄድ፣ ፕላስቲኩ እየተቃጠለ ነው። ቆላው ላይ ጨረሩ ትንሽ ቀለል ይላል፤ ሙቀቱ ግን ጉዳቱን ያፋጥነዋል። ሁለቱን የሚመላለስ የሕዝብ ማመላለሻ መኪና በሁለቱም ይመታል።

በውስጥ የሚሆነው እንዲህ ነው። ይህ ፕላስቲክ በአብዛኛው ፖሊፕሮፒሊን የሚባለው ዓይነት ነው። ጥቁረቱ የሚመጣው ውስጡ ከተቀላቀለው ጥቁር የካርቦን ዱቄት ነው። ጨረሩ የፕላስቲኩን ረጃጅም ሰንሰለቶች ይቆራርጣል። ላይኛው ገጽ ይደርቅና በዓይን የማይታይ ስንጥቅ ይሞላዋል። ብርሃን ያ ስንጥቅ ላይ ሲያርፍ ይበታተናል። ለዓይናችን ነጭ ሆኖ የሚታየው እሱ ነው። ጥቁሩ ከሥር አለ፤ አልጠፋም። ይህን ማወቅ ምርጫውን ግማሽ መንገድ ያደርሰዋል።

መጀመሪያ ውሃ አፍስሱበት

ምንም ነገር ከመግዛታችሁ በፊት አንድ ኩባያ ውሃ ያዙ። የነጣው ቦታ ላይ አፍስሱና ውሃው እላዩ ላይ እያለ ተመልከቱት።

ውሃው ሲነካው ቡን አፍልተው የቀቡት ይመስል ጥቁር ካለ፣ ፕላስቲኩ አልሞተም። ውሃው ስንጥቁን ሞልቶት ነው የጠቆረው። ስንጥቁን ውሃው እንደሞላው የሚሞላ፣ ግን የማይደርቅና የማይታጠብ ነገር ካገኛችሁለት ይድናል። ከታች የማወራው ቅባት፣ የተልባ ዘይትና ሴራሚክ የሚባለው ደርቆ ጠንካራ ሽፋን የሚሆን ፈሳሽ ሁሉ የሚሠሩት በዚህ መንገድ ነው።

ውሃው ነክቶትም ግራጫ ሆኖ ከቀረ፣ ወይም በደረቁ ጣታችሁን ስታሹበት እንደ ጠመኔ ዱቄት ከወጣ፣ ላይኛው ሽፋን ተበልቷል። እሱን ቅባት አያድነውም። ወይ ያ የሞተ ሽፋን መነሳት አለበት፣ ወይ ቀለም ይቀባል፣ ወይ ይቀየራል።

ሦስተኛ ዓይነትም አለ፤ ብዙ ሰው ከንጣት ጋር ያምታታዋል። ቦዲው በሰም ሲወለወል ሰሙ ፕላስቲኩ ላይ ይነካና ነጭ ግርፋት ሆኖ ይደርቃል። ይህ ከሰሙ የመጣ ነጭ ነው፤ ከቦዲው ጠርዝ ጋር ተያይዞ በመስመር ይታያል። የተማሪ ላጲስ ወስዳችሁ እሹት። አብዛኛውን ጊዜ ይለቃል፣ ሳንቲምም አታወጡም።

እጥበቱ

አንድ ነገር ብቻ ከዚህ ጽሑፍ የሚይዝ ሰው ካለ እጥበቱን ይያዝ። ውድ ዕቃ ገዝተው በሁለት ሳምንት ለቀቀ የሚሉ ሰዎችን ጠይቄያለሁ። ሁሉም ማለት ይቻላል በቆሻሻ ላይ ነው የቀቡት።

ጎድጎድ ጎድጎድ ያለው የፕላስቲኩ ገጽ ውስጥ የዓመታት አቧራ፣ የላቫጆ ሲሊኮንና የመንገድ ዘይት ተጋግሯል። ጨርቅ አያወጣውም። የልብስ ማጠቢያ ብሩሽ ያዙ፤ ጸጉሩ በጣም የማይጠነክር ይሁን። ለብ ያለ ውሃና የዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ሳሙና ይበቃል። በክብ በክብ እሹት። የመጀመሪያው ባልዲ ጠላ ይመስላል። ድፉት። ሁለተኛውም ይጠቁራል። እኔ የኋላ ፓራውልቷ ላይ አራት ባልዲ ቀይሬያለሁ፤ አራተኛው ላይ ነው አረፋው ነጭ ሆኖ የወረደው። ያ ነጭ አረፋ እስኪመጣ አትቁሙ።

በረኪና አትጠቀሙ። ቀለምን ያነጣል፣ ብረቱንም ያዝጋል። ቤንዚንና ቲነርም አይሆንም፤ አጠገቡ ያለውን የቦዲ ቀለም ይበላል።

ከታጠበ በኋላ ይድረቅ። ስንጥቅና ጠርዝ ውስጥ የቀረ ውሃ ቀስ ብሎ ነው የሚወጣው፤ ከተቻለ ግማሽ ቀን ፀሐይ ላይ አቁሟት። በመጨረሻ ከፋርማሲ የሚገዛ 70 ከመቶ አልኮል በንጹህ ጨርቅ አድርጋችሁ ጥረጉት። ጨርቁ ላይ ጥቁር ነገር ከወጣ አሁንም የድሮ ቅባት አለ ማለት ነው፤ ድገሙት። ከዚያ የቦዲውን ጠርዝ በወረቀት ፕላስተር ሸፍኑ። አሁን ምርጫ ማውራት ይቻላል።

ናፍጣና የጫማ ቀለም

ላቫጆ ስትሄዱ ልጆቹ እጥበቱን ሲጨርሱ «ጋሼ፣ ናፍጣ ልቀባት? ታበራለች» ይላሉ። ልጆቹ ክፋት የለባቸውም፤ የሚያውቁት ያንን ነው። እውነትም ታበራለች፤ እስከ ማግስቱ።

አንድ ጎረቤቴ ሚኒባስ ይነዳል፤ ከደብረ ብርሃን ሸዋ ሮቢት ይመላለሳል። ሁልጊዜ ሰኞ ጠዋት ፓራውልቱን በናፍጣ ይወለውል ነበር። ማታ ሲመለስ አየሁት። አቧራው በናፍጣው ላይ ተጋግሮ ሽሮ የተነሰነሰበት ይመስላል። ሲያጥበው ደግሞ ካለፈው ሳምንት ይልቅ ነጥቶ ይወጣል። ጉዳቱ በዚያ አያበቃም። ናፍጣ የበር ዙሪያ ጎማ ሲነካው ጎማው ያብጣል፣ ይልፈሰፈሳል፤ ከዚያ ዝናብና አቧራ ያስገባል። የተቃጠለ የሞተር ዘይትም ያው ነው፤ ቆዳን ስለሚጎዳ እንዲያውም ይብሳል።

የጫማ ቀለም የሚቀቡም አሉ። ሰምና ቀለም ስለሆነ ከናፍጣ ይሻላል። ግን ፀሐይ ሲያገኘው ይለሰልሳል፣ በር ስትከፍቱ ነጠላና ሱሪ ላይ ይቀራል። ሐምሌ ሲገባ ጥቁር እንባ እየሆነ ቦዲው ላይ ይወርዳል።

ሁለቱንም አልመክርም። በነፃም ቢሆን።

ሱቅ የሚሸጠው የሚያብረቀርቅ ቅባት

ዳሽቦርድ ፖሊሽና የጎማ ማብሪያ የሚባሉት በአብዛኛው ሲሊኮን ናቸው። ከውጭ የሚመጣው መዘርስ ባክ ቱ ብላክም የሚቀባ ዓይነት ነው፤ ለውጭ ፕላስቲክ ተብሎ ስለተሠራ ግን ይሻላል። ሁለት ወገን አላቸው። አንደኛው እንደ ወተት ነጭ የሆነው፣ ውሃ ላይ የተመሠረተው ነው። ሌላው ጥርት ያለ፣ ቅባት ቅባት የሚል፣ ሽታው እንደ ጋዝ የሆነው ነው። ምርጫ ካላችሁ ወተት የሚመስለውን ውሰዱ። ፕላስቲኩንና ጎማውን አይጎዳም፣ አቧራም ያን ያህል አይዝም።

የኔዋ ላይ በጥቅምት የቀባሁት ሲሊኮን ሦስት ሳምንት ቆየ። በክረምት ቢሆን አንድ ሳምንትም አይቆይም። ለሠርግ ማጀቢያ ለሚሰጥ መኪና፣ ወይም ነገ ገዢ ሊያያት ለሚመጣ ሰው ጥሩ ነው። ግን አንድ ነገር አስቡበት። ወደፊት ቀለም የማስቀባት ሐሳብ ካላችሁ ሲሊኮን አታስነኩት። ፕላስቲኩ ውስጥ ይቀራል። ቀቢው ቀለሙን ሲነፋበት ቀለሙ ክብ ክብ እየሠራ ይሸሻል። ያንን ለማጥራት የሚወስደው ድካም ከቀለም ቅቡ ይበልጣል።

ተልባ

አሁን ወደምወደው መጣሁ። ተልባ የኛ ነው። የሰሜን ሸዋ ደጋ ገብስና ባቄላ ብቻ አያበቅልም። በመስከረም ወደ መንዝ የሚወጣ ሰው ሰማያዊውን የተልባ አበባ ያውቀዋል።

የተልባ ዘይት ከሌሎች ዘይቶች የሚለይበት ነገር አለ። አብዛኛውን የምግብ ዘይት ብትቀቡበት ለረጅም ጊዜ ዘይት ሆኖ ይቆያል። ተልባ ግን ከአየር ኦክስጅን ወስዶ ይጠነክራል። አይተንም፤ ይረጋል። ለዚህ ነው ከጥንት ጀምሮ ሠዓሊና አናጢ የሚጠቀምበት። ፕላስቲኩ ስንጥቅ ውስጥ ገብቶ እዚያው ስስ ሽፋን ይሆናል። ስለዚህ ዝናብ በቀላሉ አያጥበውም። ኑግም በመጠኑ ይህ ባሕርይ አለው፤ ግን በጣም ዘገምተኛ ስለሆነ ለወራት ይጣበቃል። ኑጉ ለወጥ ይቅር።

ሁለት ዓይነት የተልባ ዘይት አለ፤ ልዩነቱ ወሳኝ ነው። ለምግብ የሚጨመቀው እስኪደርቅ ሳምንትና ከዚያ በላይ ይፈልጋል። በደብረ ብርሃን ብርድ ደግሞ ይብሳል። በዚያ ሁሉ ጊዜ አቧራ ይሰበስባል። ለእንጨት ቀለም ሥራ ተብሎ የሚሸጠው፣ ማድረቂያ የተጨመረበት ግን በአንድና በሁለት ቀን ይረጋል። እሱን ፈልጉ። ይህ ማድረቂያ ያለው ግን አይበላም፤ ጠርሙሱን ከማድ ቤት አርቁት።

አቀባቡ፦ ጨርቅ ላይ ጥቂት ጠብ አድርጉ። በስሱ ቀቡት። ሃያ ደቂቃ ጠብቁ፣ ከዚያ በሌላ ደረቅ ጨርቅ ያልገባውን በሙሉ ጥረጉ። ይህ መጥረግ ነው የሚበላሸው። ሰው «ይጥገብ» ብሎ ወፍራም ያደርገዋል። ወፍራሙ ከላይ ይረጋና ሥሩ ሳይደርቅ እንደ ማር ይጣበቃል። በማግስቱ ሁለተኛ ስስ ድገሙ።

እዚህ ላይ ቆም በሉ። ተልባ ሲረጋ ሙቀት ያወጣል። የተጠቀማችሁበትን ጨርቅ ጨብጣችሁ፣ ጠቅልላችሁ ቆሻሻ ውስጥ ከጣላችሁት ሙቀቱ ይታፈንና ራሱን በራሱ ሊያቃጥል ይችላል። ክብሪት አያስፈልገውም። እኔ ጨርቁን ለአፍታ ጠቅልዬ መዳፌ ላይ ይዤው ሲሞቅ ተሰምቶኛል፤ ከዚያ ወዲህ አልቀልድበትም። እንደጨረሳችሁ ጨርቁን ውሃ ባልዲ ውስጥ ንከሩት፣ ከዚያ ውጭ ዘርግታችሁ አድርቁት። ሲደርቅና እንደ ካርቶን ሲጠነክር ይጣላል። ልጆች ባሉበት ቤት ይህን ሳታደርጉ እንዳትተኙ።

የኔዋ የቀኝ የፊት በር ላይ በጥቅምት የቀባሁት ተልባ እስከ ሚያዝያ ጥቁር ነበር። ከዚያ ቀስ ብሎ ቡና ዓይነት መልክ ያዘ። ጨረሩን ራሱ አይከላከልም፤ ለዚህ ነው በዓመት ሁለት ጊዜ የሚፈልገው። ለወጪው ግን የሚወዳደረው የለም። አንድ ጠርሙስ ለሰፈር ይበቃል።

ሴራሚክና ጥቁር ማቅለሚያ

ይህ ከውጭ የሚመጣ ዕቃ ነው። ብዙዎቻችን የምናገኘው ከአሜሪካ ወይም ከዱባይ የሚመጣ ዘመድ ሻንጣ ውስጥ ነው። ትንሽ ስለሆነ ለማስመጣት አይከብድም።

ሁለት ዓይነት ነው። ሶሉሽን ፊኒሽ የሚባለው ዓይነት ጥቁር ማቅለሚያ አለው፤ ስንጥቁን ይሞላና ያጠቁራል። ሴራኮት የሚባለው ደግሞ ሴራሚኩ ነው፤ በትንንሽ ፓኬት የታሸገ እርጥብ ጨርቅ ሆኖ ይመጣል። ጨርቁ ላይ ያለው ፈሳሽ ፕላስቲኩ ላይ ደርቆ ጠንካራና ጥርት ያለ ሽፋን ይሆናል። አምራቹ ከ200 እጥበት በላይ ይቆያል ይላል። ጥርት ያለው ቀለም የለውም፤ ስለዚህ በውሃ ሙከራው ጥቁር ያለ ፕላስቲክ ላይ ነው የሚያምረው። ማቅለሚያ ያለው ትንሽ ለባሰው ይሆናል።

ጉዳቱ እርማት አለመቀበሉ ነው። ሴራሚኩ በደቂቃዎች ውስጥ ይይዛል። ቦታ ዘላችሁ ከሄዳችሁና ሲደርቅ ካያችሁት፣ ያ ግርፋት ለወራት አብሯችሁ ይኖራል። ቦዲ ላይ ከነካ ወዲያው ጥረጉት። ስለዚህ የአየሩ ሁኔታ እዚህ ከሁሉም ይበልጥ ወሳኝ ነው። ደብረ ብርሃን ላይ በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጭ የሚጥልበት ጠዋት አትጀምሩ። ፕላስቲኩ ራሱ በረዶ ነው፣ ፈሳሹ አይይዝም። ከአራት ሰዓት በኋላ ጥላ ውስጥ ጀምሩ፤ ከሰዓት ሳይበርድ እንዲረጋ። ሸዋ ሮቢት ላላችሁ ተቃራኒው ነው። እዚያ ማለዳ ሥሩት፤ ቀን ላይ ፕላስቲኩ ሲግል ፈሳሹ ከጨርቁ ሳይለቅ ይደርቃል። በሁለቱም ቦታ ለአንድ ቀን ውሃ እንዳይነካው።

የቀኝ የኋላ በር ላይ ያደረግሁት ዓመት አልፎታል። ክረምቱንም ጨርሷል። ትንሽ ድብዝዝ ብሏል እንጂ ከጎኑ ካለው ሲተያይ ሌላ መኪና ይመስላል። በገንዘቡም ቢሆን፣ በየወሩ ሲሊኮን ከመግዛት አይበልጥም። የሚያስከፋው ማግኘቱ ነው።

ሙቀት

ቪዲዮ ላይ የሚታየው አስደናቂው ይሄ ነው። ሂት ጋን የሚሉትን ሙቅ አየር የሚነፋ መሣሪያ ያስጠጋሉ፤ ነጩ በዓይናችሁ ፊት ጥቁር ይሆናል። ውሸት አይደለም። ላይኛው ገጽ በትንሹ ይቀልጥና ስንጥቁ ይዘጋል። ውስጥ ያለው ዘይትም ወደ ላይ ይወጣል።

ግን ምንም የተጨመረ ነገር የለም። ያው ፕላስቲክ ነው፣ ያው ፀሐይ ነው የሚጠብቀው። የኔዋ የግራ የፊት በር ላይ ያሞቅሁት በአራተኛው ወር መንጣት ጀመረ። በደጋገማችሁት ቁጥር ውስጡ ያለው ዘይት እየቀነሰ ይደርቃል። ከዚህም በላይ አደጋ አለው። ፖሊፕሮፒሊን 160 ዲግሪ አካባቢ ላይ ይቀልጣል፤ መሣሪያው ግን ከ500 ዲግሪ በላይ ያወጣል። አንድ ቦታ ላይ ከቆማችሁ ጎድጎድ ያለው መልክ ይጠፋና የሚያንጸባርቅ ጠባሳ ይቀራል። እሱን የሚመልስ ነገር የለም። መስታወትና የቦዲ ቀለም አጠገብ ደግሞ ጭራሽ አይነካም። በእሳት መብራት ወይም በጋዝ ነበልባል ለመሞከር የሚያስብ ካለ፣ እባካችሁ ይቅርባችሁ።

የሚጠቅምበት መንገድ አንድ ነው። በጣም የነጣ ወፍራም ፓራውልት ላይ አንድ ጊዜ ብቻ፣ እጅን ሳያቆሙ አሙቆ፣ ሲቀዘቅዝ ወዲያው በሴራሚክ ወይም በተልባ መሸፈን። ስስ የስፖኪዮ ሽፋን ላይ አትሞክሩት።

ቀለም

በውሃ ሙከራው ግራጫ ሆኖ ለቀረ ፕላስቲክ ቀለም ትክክለኛ ምርጫ ነው። በደንብ ከተሠራ ዓመታት ይቆያል። ካልተሠራ ግን ከንጣቱ የባሰ ያስጠላል፤ ምክንያቱም ይላጣል።

እኔ የደረሰብኝን ልናገር። የፊት ፓራውልቷን አንድ ቀቢ ጋ ወሰድኳት። በግማሽ ቀን ጨርሶ ሰጠኝ። እንደ አዲስ ሆነች፤ ደስ ብሎኝ ከፈልኩ። በሰኔ የመጀመሪያው ከባድ ዝናብ ሲመጣ ከታች ጠርዙ ላይ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ተነሳ። ጣቴን ሳስገባ መዳፌን የሚያክል ቀለም ሙሉውን መጣ። ከሥሩ ያ ነጭ ፕላስቲክ እንዳለ ነበር። ቀለሙ አልያዘውም።

ምክንያቱን በኋላ ነው የገባኝ። ፖሊፕሮፒሊን ምንም ነገር አይዝም። ሙጫም ቀለምም ይንሸራተትበታል። ከቀለሙ በፊት ቀለምን ከፕላስቲክ የሚያያይዝ የፕላስቲክ ፕራይመር የግድ ነው። ለብረት የሚቀባው አንቲሩጂኔ አይተካውም። ስለዚህ ቀቢው ጋ ስትሄዱ ሦስት ጥያቄ ጠይቁ፤ የፕላስቲክ ፕራይመር ታደርጋለህ ወይ? በምን ታጥበዋለህ? ከመኪናው ፈትተህ ነው ወይስ እላዩ ላይ እያለ? ፈትቶ የሚቀባ ሰው ጠርዙንና ጀርባውን ይሸፍናል። መላጥ የሚጀምረው ከጠርዝ ነው። ጥያቄው ያሰለቸው ሰው ካለ ሌላ ፈልጉ።

ፕላስቲኩ ምን ዓይነት እንደሆነ ከፈታችሁት በኋላ ጀርባውን ማየት ይቻላል። «ፒፒ» የሚሉ ሁለት የእንግሊዝኛ ፊደላት ካሉበት ፖሊፕሮፒሊን ነው፤ ከላይ ያልኩት ሁሉ ይመለከተዋል። «ኤቢኤስ» የሚል ከሆነ ቀለም በቀላሉ ይይዛል።

በብርጭቆ ወረቀት መፈግፈግም አብሮ ይመጣል። ለስላሳ ፕላስቲክ ላይ ደህና ነው። ጎድጎድ ያለ መልክ ያለው ላይ ግን ያ መልክ ይጠፋል፤ ከፋብሪካ የወጣችበት ገጽ አይመለስም። ለእሱ በዕቃ ማጠቢያ ሻካራ ስፖንጅ ማሸት ይሻላል። መልኩ ደግሞ ደብዛዛ ጥቁር ይሁን። የሚያብለጨልጭ ጥቁር ከቀባችሁ በየጭረቱ ትናደዳላችሁ።

ቅያሪ

የተሰነጠቀ፣ መያዣ ጥርሱ የተሰበረ፣ ወይም እንደ ጠመኔ የሚፈረፈር ከሆነ አትድከሙበት። መርካቶ ሶማሌ ተራ ወርዶ ያገለገለ ኦሪጅናል መፈለግ ነው። ከደብረ ብርሃን አዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ነው፤ አንድ ቀን ይበቃል። አሮጌውን ፈትታችሁ ይዛችሁ ሂዱ። በፎቶ ብቻ የተገዛ ዕቃ የመያዣ ቀዳዳው ሳይገጥም ብዙ ሰው ተመልሷል። ከቻላችሁ ከአስመስሎ የተሠራ አዲስ ይልቅ ያገለገለ ኦሪጅናል ምረጡ። ከገዛችሁም በኋላ ገና ጥቁር ሳለ ሴራሚክ ወይም ተልባ አስቀድማችሁ አልብሱት። ደህናውን ፕላስቲክ መጠበቅ የነጣውን ከማዳን በጣም ይቀላል።

እኔ ብሆን

በዚህ ሳምንት የምትሸጥ መኪና፦ እጥበትና ወተት የሚመስለው ሲሊኮን። ለገዢውም ምን እንደቀባችሁ ንገሩት።

ግቢ ውስጥ የምታድርና ሰውየው በዓመት ሁለት ቅዳሜ ሊሰጣት የሚችል፦ ተልባ። አንዱን ቅዳሜ ክረምቱ እንደወጣ፣ መስከረም መጨረሻ ላይ፣ ሌላውን በመጋቢት።

ቀኑን ሙሉ መንገድ ላይ የምትውል የሥራ መኪና፣ በተለይ ጣርማ በርን የምትመላለስ፦ ሴራሚክ ፈልጎ ማግኘት ያዋጣል። ሹፌር በየሳምንቱ የሚቀባበት ጊዜ የለውም። ጎረቤቴም ናፍጣውን ትቶ እሱን አድርጓል። እጥበቱን አብረን ነው ያጠብነው፤ አምስት ባልዲ ፈጀ።

ፓራውልቷ የሞተባት፦ ፈትቶ፣ አጥቦ፣ በፕላስቲክ ፕራይመር ቀለም። ቀሪውን የበርና የጎማ ዙሪያ ፕላስቲክ ግን ቀለም አትቀቡት። የማይላጥ ነገር እያለ ለምን?

የቱንም ብትመርጡ አቁማችሁ የምትሄዱበትን አቅጣጫ አስተውሉ። የኔዋ ሁልጊዜ ግራ ጎኗን ለከሰዓት ፀሐይ ሰጥታ ነበር የምትቆመው፤ ግራው ከቀኙ ሁለት እጥፍ ነጥቶ ነው ያገኘሁት። አሁን በሳምንት አንዴ አዙሬ አቆማታለሁ። ከቀኙ የኋላ ጎማ ጀርባ መዳፍ የምታህል ቦታ ሆን ብዬ ሳልነካ ትቻታለሁ። እያጠብኩ ስሄድ እዚያች ላይ እቆምና ከጎኗ ካለው ጋር አስተያያለሁ። ተልባውን የምደግምበትን ጊዜ የምትነግረኝ እሷ ናት።